በሰው ፎልደር የገባ ውጤት

የካቲት 3
ዛሬም ስብሰባ። ሊቁ (አለቃችንን በልቤ የምጠራው እንዲህ ነው) ስለ ኮምፒውተር ደህንነት አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፈ። ግድግዳው ላይ ፊቱን የሸፈነ ሌባ ሥዕል ለጥፎ… አቤት መኮፈስ!

እኔም እንደገና ተናገርኩ። የክሊኒካችን ቅርንጫፎች የደም ምርመራ ውጤቶችን በአንድ ፋይል ጠቅልለው ይልኩልናል፣ የኛ ፕሮግራም ጥቅሉን ይፈታል። የሚፈታበት ትእዛዝ ከፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ያምነዋል። ግን አንድ ፋይል ስሙ ውስጥ «ከዚህ ፎልደር ውጣ» የሚል ምልክት ካለው፣ ትእዛዙ ሳይጠይቅ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። እዚያ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካለም ይደመስሰዋል።

«ከገዛ ቅርንጫፋችን የሚመጣ ፋይል ማን ይመርዘዋል? አንቺ ደግሞ ጥላሽን ትፈሪያለሽ!» አለ ሊቁ።

ሁሉም ሳቀ። እሱ ሲስቅ የማይስቅ አለ እንዴ?

የካቲት 4
የቋንቋውን መመሪያ ደግሜ አነበብኩ። «የማታምኑትን ጥቅል አትፍቱ» ይላል። ከስንት ዓመት ጀምሮ! መከላከያ ሠርተውለታል፣ ግን ካልጠየቁት ተኝቷል። የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ነው አሉ። ቀዳዳውን ትቶ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ… ጎበዞች።

መከላከያውን ለመቀስቀስ አንድ መስመር ይበቃል። ያለ ሊቁ ፈቃድ ግን ፕሮግራሙ አይነካም። ፈቃድ ጠየቅኩ፣ «እናየዋለን» አለኝ። ምኑን ነው የሚያየው?

የካቲት 11
ያሳደገችኝ አክስቴ ደወለች። ሰሞኑን ስትከሳና ስትደክም አይቼ፣ ጎትቼ ወስጄ ደም ያስመረመርኳት እኔ ነኝ።

«ምንም የለብሽም አሉኝ እኮ! በሽተኛ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ!» እየሳቀች አለቀሰች። እኔም።

የካቲት 12
ልቤ አላርፍ አለኝ። ያ ሁሉ ክሳት… እና ምንም የለም? ቢሮ እንደገባሁ ፋይሏን ከፈትኩ። ደም የሰጠችው ሰፈሯ ባለው ቅርንጫፋችን ነው። ፋይሉ ግን የመጣው ከሌላ ቅርንጫፍ ጥቅል ነው።

ደወልኩላቸው። ውጤት የምትልከው ልጅ በቅርቡ ከአክስቴ ሰፈር የተዛወረች ናት።

«የድሮውን ፎልደሬን ነው የተጠቀምኩት፣ ለምጄው… ችግር አለው እንዴ እህቴ?»

ፋይሎቹ ያንን «ውጣ» የሚል ምልክትና የድሮውን ቅርንጫፍ ስም ይዘው መጡ፣ የኛ ፕሮግራምም ወስዶ እዚያ ዘረገፋቸው። ሁሉም ቅርንጫፍ ታካሚውን ከአንድ ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የአክስቴን ቁጥር የያዘ የሌላ ሰው ውጤት በሷ ላይ ተጻፈ። የሷ ብቻም አይደለም፣ የብዙ ታካሚዎች ውጤት እንዲሁ ተደምስሷል። የምን ሌባ? አንዲት ልማድ ያልለቀቃት ልጅ።

የአክስቴ ትክክለኛ ውጤት ላቦራቶሪው ማሽን ላይ ተገኘ። ኩላሊቷ እየከዳት ነው።

ሊቁ ዘንድ ሮጥኩ። ፊቱ ትንሽ ገረጣ፣ ወዲያው ተመለሰለት።

«አንድ መስመር ነው አላልሽም? አስተካክይና ዝም በይ። ለአክስትሽ ንገሪያት። ለሌሎቹ ታካሚዎች መደወል ግን ስማችንን ማጥፋት ነው።»

ስማችን! ሰው ታሞ ተኝቶ፣ እሱ የሚያክመው ስሙን ነው። ናቅኩት። ከልቤ ናቅኩት።

የካቲት 13
ነገርኳት። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጠመዘዘችው፣ ፈታችው።

«ይታከማል ወይ?»

«በጊዜ ስለተደረሰበት ይታከማል፣ ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ።»

«ተመስገን።» ቀና አለች። «ሌሎቹ የተሳሳተባቸውስ… ዘመዳቸው እዚያ ይሠራል?»



የካቲት 14
መስመሯን ጻፍኩ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። ከዚያ ሊቁን ዘልዬ የክሊኒካችን ዋና ሐኪም ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን ወደኔ ገፋችው፣ «አሁኑኑ ጀምሪ» አለችኝ።

ሊቁ ኮሪደር ላይ ጠብቆ «ከእንግዲህ እኔና አንቺ አብረን አንሠራም» አለኝ። ደስ ይበለው።

መጀመሪያ የደወልኩላቸው አንድ አባት ናቸው። «ደህና ነህ ብላችሁኝ ነበር እኮ!» አሉ። ከጀርባቸው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

የሊቁ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው እንዴት ደስ ባለኝ!

«እኛ ነን አባቴ» አልኩ። «ነገ ጠዋት ይምጡ፣ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።»