በርገን ላይ የወለቀ ከል

ይድረስ ለልጆቼ አክስት፤ ጊንጪ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ ከመርከብ ላይ ነው። ሰሎሜ ካለችበት ከጀርመን ይዛኝ ለሽርሽር መውጣቷን ሰምተው፣ “የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ” ብለው በዕድሩ ሴቶች ፊት እንዳነሱኝ ጎረቤቴ ቦጋለች ደውላ ነግራኛለች። እንግዲያው የቀረውን ከእኔው ይስሙ።

ትናንት መርከቡ በርገን በምትባል የኖርዌይ ከተማ ቆሞ ዋለ። ዝናቡ የአምቦን ሐምሌ ያስንቃል። ዓሣ ተራው ጋ ስንደርስ ግን ደነገጥሁ፤ ሰዉ ሁሉ ጥቁር ለብሷል። ሽማግሌው፣ ኮረዳዋ፣ ሕፃን በጋሪ የምትገፋው ሳትቀር። አንድ ትልቅ ሰው ሞቶባቸዋል አልሁ። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነውና አጠገቤ የቆመችውን ሴትዮ እጇን ይዤ እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኋት። አልገባትም። ምናልባት ብዬ በኦሮምኛ ደገምሁላት።

ሰሎሜ ሳቋ ሲበርድላት፣ ጥቁሩን ወደው እንጂ ሰው ሞቶባቸው እንደማይለብሱት አስረዳችኝ። ለሴትዮዋም ነገረቻት፤ እሷም ሳቀችና የእኔን ጥቁር አይታ ይሄስ ብላ ጠየቀች። ሰሎሜ ባሏ ሞቶባት ነው፣ ዓመት ትለብሰዋለች አለቻት። ሴትዮዋ እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ እንዲህ የምታዝኚለት በጣም ብትወጂው ነው አለችኝ።

እትዬ፣ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ስሸኝ እንደዚያ አልተናደድሁም። ልጄን ጎትቼ ልብስ መሸጫ ገባሁ። ከተሰቀለው ሁሉ ቢጫ የዝናብ ካፖርት መረጥሁ፤ ቢጫነቱ የመስቀል አበባ ነው። ጥቁሩን አወለቅሁት። ግራ እጄ እንደሚያውቁት አይነሳምና ሰሎሜ እጅጌውን ልታለብሰኝ ስትታገል፣ “ወንጪ ላይ ከፈረስ ስትወድቂ የተሰበረው ነው አይደል?” አለችኝ። እርስዎ ለሐኪሙም ለልጆቹም የነገሩት ነው።

“እኔ በዕድሜዬ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም” አልኋት።

እጅጌውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ መርከቡ እስኪጠራን አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ዋልን። የጠየቀችኝን ሁሉ መለስሁላት፤ ለወንድምዎ ለምን እንደሸፈኑለት ብቻ ለእርስዎ ቀርቷል።

ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። ድግሱን እደግሳለሁ፣ ካህናቱንም አበላለሁ፤ ለነፍሱ የሚገባውን አላጎድልም። ግን ቢጫዬን ለብሼ ከፊት ነው የምቀመጠው። ዕድሩ ከፈለገ ይቅጣኝ፤ የፈለገችም ትማኝ፣ ሐሜት አጥንት አይሰብርም። ሰሎሜም ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ትመጣለች። በቅድሚያ ጊንጪ ወርዳ እርስዎን ብቻዎን ማነጋገር ትፈልጋለች።

እስከዚያው ጤናውን አያጉድልብዎ። እስክንደርስ በዕድሜ ያቆይልን።

የሰሎሜ እናት