የግራ ጉልበቴን ማን ነገራት?

ውድ እህቴ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ዓይንሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ለወጉ ያህል «ደህና ነኝ» እንዳትይኝ፤ ዘንድሮ አጥብቄ የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። እኔ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ እያለ ከሚያናድደኝ በቀር ደህና ነኝ።

እታለም፣ ከጀርባዬ የሚጠነሰስ ነገር አለ። ከአንድ ወር በፊት ልጄ አንዲት ጠንካራ ሴት አስከትላ ሱቄ መጣችና፣ አረጋውያንን ስፖርት የምታሠራ ባለሙያ ናት፣ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች አለችኝ። ዕድሜ ልኬን የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ ለኖርኩ ሰው ስለ እግር ምን ሊነገረኝ ነው? ሴትዮዋ ትእዛዝ ስለምታበዛ «ኮሎኔሏ» ብያታለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ምንጣፍ ላይ አስተኛችኝና «ይነሱ» አለችኝ። ስንደፋደፍ ቆማ አየችኝ። በጎኔ መዞርን፣ በክርኔ መደገፍን፣ ተንበርክኬ ወንበር መያዝን አስተማረችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ ሰፊ ላስቲክ አወጣች። ስንት ሱሪ ወገብ ውስጥ የከተትኩትን ላስቲክ፣ እግሬ ላይ አስራ «ይሳቡ» ትለኛለች። አሸዋ የሞላባቸውን የውሃ ጠርሙሶችም አስያዘችኝ።

ነገሩ አልጣመኝም። ልጄ ሱቁን ዘግታ፣ ከኋላ ካለችው ክፍሌ አውጥታ እሷ ዘንድ ልትወስደኝ አስባ አቅሜን እያስለካችኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ደንበኛ ሲጠፋ በሩን ገርበብ አድርጌ ብቻዬን እለማመድ ጀመር። እጅ ላለመስጠት እንጂ ወድጄው እንዳይመስልሽ። አሁን የጨርቁን ጥቅል ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ራሴ አወርዳለሁ፤ ይህን ለልጄ እንዳትነግሪያት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ኮሎኔሏ፣ የግራ ጉልበትዎ የድሮ ጉዳት ስላለበት ቀስ ይበሉበት አለችኝ። ክው አልኩ። ስለዚህ ጉልበት ለልጄ ቀርቶ ለሟች ባለቤቴም ተናግሬ አላውቅም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ዘልዬ የወደቅኩ ዕለት በሻሽሽ አስረሽልኝ፣ ለእናታችን ደረጃ አዳልጦት ነው ያልሻት አንቺ ነሽ። ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጄን አፋጠጥኳት። መዋሸት አይሆንላትም፤ ስትዋሽ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በመጨረሻ ሁሉንም በስልክ ያቀናበርሽው አንቺ መሆንሽን አመነች። እዚያ ሆነሽ እንደ ሕፃን ልታስጠብቂኝ ነው ብዬ በጣም ተናደድኩብሽ።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ። ኮሎኔሏን ከላስቲኩም ከጠርሙሱም በፊት ለምን ከወለል መነሳት እንዳስጀመረችኝ ጠየቅኳት። ላስቲኩን እየጠቀለለች፣

«እህትዎ ናቸው ያሉኝ። ‹መጀመሪያ መነሳቱን አስተምሪልኝ፣ ወለል ላይ ተኝቶ ሰው መጠበቅ ክፉ ነው› አሉኝ» አለች።

እታለም፣ ይህን ከየት አመጣሽው? ያለፉት ደብዳቤዎችሽ የተጻፉት በልጅሽ እጅ ነው። ስደውልም ሁልጊዜ አልጋ ውስጥ ነሽ፤ ብርዱ ነው ትይኛለሽ። ብርዱ አይደለም። ወድቀሻል። ሁሉም ሥራ በሄዱበት ወድቀሽ፣ እስኪመጡ እዚያው ቆይተሻል። ያኔ የእኔን መውደቅ ከእናታችን ደበቅሽልኝ፤ የራስሽን ከእኔ መደበቅሽን ግን ይቅር አልልሽም።

ለልጅሽ ሰላም በይልኝ፤ ጽሑፉ ያምራል፣ ግን አሳብቆብሻል። ለሚስቱም፣ ስለምታደርግልሽ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳት። ለትንሿ የልጅ ልጅሽ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ፤ ቶሎ እንዳያጥራት ጫፉን ሰፊ አድርጌ አጥፌዋለሁ። ልጄ እጅ ትነሳሻለች፣ ዚፗን እየነካካች።

ለአንቺ ግን ሰላምታ በደብዳቤ አልልክም። በሚቀጥለው ወር ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ፣ ላስቲኩንም ይዤ እመጣለሁ። ለእኔ ብለሽ በር ድረስ አትውጪ። ወንበርሽ ላይ ሆነሽ ጠብቂኝና ስትነሺ ልይሽ። ካቃተሽም ግድ የለም፤ እኔ አነሳሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን