ስለማላውቀው የአርባ ሺህ ብር ደመወዜ

ለክቡር አቶ ይሄይስ፣
ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠቅሰው የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የውድ ቤተሰብዎና በቅርቡ ያስመረቁት ባለአራት ፎቅ ሕንፃዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከወገቤና ከሁለቱ ጉልበቶቼ በስተቀር ደህና ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በመኪና ወለል ላይ ተንጋልሎ ከዳሽቦርድ ሥር ሽቦ ሲፈልግ የኖረ ሰው ወገብ ከዚህ የተሻለ ዜና የለውም።

ዘንግተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎት፤ ፉርቃን እባላለሁ። መርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ፣ በጋሼ ሀምዳን የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ በር ላይ ቴፕ፣ ስፒከር፣ አላርምና የኋላ ካሜራ እገጥማለሁ። ባለፈው ዓመት መኪናዎ ላይ ካሜራ ስገጥም ቆመው አይተው፣ "እጅህ ወርቅ ነው፤ ለወጣቶች አርአያ ትሆናለህ" በማለት በማዕከልዎ የምዝገባ ቀን ንግግር እንዳደርግ የጋበዙኝ ሰው ነኝ። ስለዚያ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም የዋሸሁት በአደባባይ ስለሆነ፣ እርማቱን በጓዳ ማድረስ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ደመወዜ። በዚያ ቀን ወደ መድረኩ ልወጣ ስል አንድ ወረቀት አስያዙኝ። በወረቀቱ ላይ በወር አርባ ሺህ ብር እንደማገኝ፣ የራሴ ጋራዥ እንዳለኝና ስድስት ሠራተኞች እንደማስተዳድር ተጽፎ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበርና፣ ከራሴ ሕይወት ጋር ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። እኔ የማውቀው ጋሼ ሀምዳን ቴፕ ለሚገዛ ሁሉ "ማስገጠሚያ በነፃ" የሚል ማስታወቂያ መለጠፋቸውን፣ በነፃ ለሚባለው ለዚያ ሥራ ከእሳቸው ሦስት መቶ ብር እንደምቀበል፣ ደህና በሚባል ወር አሥራ ሁለት ሺህ ብር እንደሚደርሰኝ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ግማሹም እንደማይሞላ ነው። ቋሚ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ የሕመም ፈቃድ የሚባሉትን በወሬ አውቃቸዋለሁ፤ እኔ ስታመም ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ወረቀቱን አነበብኩት። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

ሁለተኛ፦ ስለ ዕድገቴ። ወረቀቱ "ዘርፉ በየዓመቱ እየሰፋ ነው" ይል ነበር። ክቡርነትዎ አንድ ቀን ከመሳለሚያ እስከ ጎጃም በረንዳ በእግርዎ ቢመጡ ኖሮ፣ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስክሪናቸውንም ካሜራቸውንም ይዘው እንደሚመጡ፣ ባለቤቶቻቸውም ዋስትናው ይሰረዝብናል ብለው አንዲት ሽቦ እንደማያስነኩን ባዩ ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ያገኘሁት ዕድገት ከሱቁ በር በስተግራ ወደ በስተቀኝ መዛወር ነው፤ በስተቀኝ ከሰዓት በኋላ ጥላ አለ።

ሦስተኛው አቤቱታ፣ ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ አይደለም። ቢሆን ደስ ባለኝ።

ንግግሬን ጨርሼ ከመድረኩ ስወርድ አንዲት ሴት ጠበቀችኝ። ሪሐና ትባላለች፤ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ሰባት ዓመት በወር ደመወዝ የሠራች፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሰው መሆኗን ያወቅኩት በኋላ ነው። ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ያልከውን ተወውና ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ እውነት ነው? ሥራዬን ልለቅ ነው" አለችኝ። እርስዎ በዚያን ጊዜ ከእንግዶች ጋር ፎቶ ይነሱ ነበር። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱም እጄ ላይ አልነበረም። ዓይኗን እያየሁ "እውነት ነው እህቴ፤ ተመዝገቢ" አልኳት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሰው በአክብሮት አዳምጦኝ ነበር፤ ያ ክብር ወዲያው እንዲወልቅብኝ አልፈለግኩም። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሪሐና ለክፍያው የራሷን የስፌት ማሽን ሸጠች፤ ስድስት ወር የእኔኑ ሙያ ተማረች። ከተመረቀች በኋላ ሥራ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እኛ በር ደረሰች። እኔ ከወገቤ በላይ ሚኒባስ ውስጥ፣ እግሬ ውጭ ነበር። ስወጣ አወቀችኝ። ቱታዬን አየች። "ጋራዥህ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ልትሸነቁጠኝ ብላ አልነበረም፤ በእርግጥ ያለ መስሏት ዙሪያውን በዓይኗ ትፈልግ ነበር። የምቀመጥባትን የፕላስቲክ በርጩማ በእጄ አሳየኋት።

እኔ ቸኩዬ ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ እንደሆኑ፣ ቁጥሩም የእርስዎ እንደሆነ ስዘረዝርላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ "ወረቀቱን እሳቸው ጻፉት፤ እህቴ ብለህ የነገርከኝ ግን አንተ ነህ" አለች። ከዚያ ወዲህ ጥፋቱን በሙሉ ለእርስዎ ላሸክምዎት ብዙ ሞክሬአለሁ፤ ትከሻዎ ሰፊ ቢሆንም ያቺ ክፍል አልጫን ብላኛለች።

ጋሼ ሀምዳንን ለምኜ አጠገቤ አስቀመጥኳት። የሽቦ ሥራዋ ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነበር፤ ሰባት ዓመት መርፌ የያዘ እጅ አይንቀጠቀጥም። ደንበኛው ግን "እሷ ትተወው፣ አንተው ግጠምልኝ" ይል ነበር። እየቆየ ጥቂት የታክሲ ሾፌሮች እሷን ብለው መምጣት ጀመሩ፤ ሥራው ግን አልጨመረምና የአንድ ሰው የነበረውን እንጀራ ለሁለት ተካፈልነው። በአራተኛው ወር ወደ ቀድሞ አሠሪዋ ሄዳ ለመነች። ተቀበሏት፤ ሰባቱ ዓመት እንዳልነበረ ተቆጥሮ፣ በጀማሪ ደመወዝ። ዕቃዋን ስትሰበስብ ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር ብዬሃለሁም አላለች፣ አልልህምም አላለች። "ቅዳሜ ምዝገባ አለ ሲሉ ሰማሁ" ብላ ሄደች።

ዘንድሮም ንግግር እንዳደርግ ስለጋበዙኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በክብር እንግዳ ወንበር ፋንታ ከበርዎ ውጭ መቆምን በመምረጤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለተሰለፉት ሰዎች ስሜን፣ የማገኘውንና ባለፈው ዓመት የዋሸሁትን ነገርኳቸው። አርባ ያህል ነበሩ። አሥራ አንዱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የቀሩት አላመኑኝም፤ እንዲያውም አንድ ጎበዝ "ተፎካካሪ እንዳይበዛበት ነው!" ብሎ ሰልፉን አሳቀ። አልተቀየምኩትም። ስዋሽ ተጨብጭቦልኛል፤ እውነት ስናገር ቢሳቅብኝ ይገባኛል።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየግድግዳው ያስለጠፉትን ፎቶዬን ከነአርባ ሺህ ብሩ እንዲያነሡልኝ። ማንሣቱ የሚያስቸግር ከሆነ ግን በየወሩ የሚጎድለውን ሃያ ስምንት ሺህ ብር ማዕከሉ ቢሞላልኝ ማስታወቂያው እውነት ስለሚሆን፣ በበኩሌ ተቃውሞ የለኝም።

ለሕንፃዎ አምስተኛ ፎቅ፣ ለእርስዎም ሰላማዊ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ሐፍረት ጋር፣
ፉርቃን፣
ቴፕ ገጣሚ፣ መርካቶ።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ከበሩ እንዲያባርሩኝ እርስዎ የላኳቸው ሦስት የጥበቃ ሠራተኞች ግዴታቸውን በሚገባ ተወጥተዋል፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝተውኛል። እዚያ ስንደርስ ግን ከሦስቱ አንዱ ወደ ኋላ ቀረት ብለው፣ ልጃቸውን አስመዝግበው ሙሉውን እንደከፈሉ ነግረውኝ፣ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጆሮዬ ጠየቁኝ። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ። የትኛው እንደሆኑ አልጽፍም፤ በእኔ ቃል ሥራዋን የለቀቀች አንዲት ሴት ትበቃኛለች።