የአባባ አውሮፕላን አዲሱ ሰሌዳ

ለእህቴ ለኢንጋ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ፣ የሆስፒታሉ የሌሊት ተራ እንዴት ይዞሻል? የባልሽ የሄሚ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም ጀልባውን ብቻውን እየጎተተ ያባብሰዋል? ልጆቹስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመዱት? ከምድር ወዲያኛው ጫፍ እናንተ ዘንድ ብርዱ እየገባ ነው ብለሻል፤ እኛ ደግሞ ካፖርታችንን ገና አሁን መስቀላችን ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ሐይቁ በረዶውን ከለቀቀ ሰነበተ፣ በቆሎው ጣት ያህል ብቅ ብሏል፣ ባለቤቴ ትሩዲም ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ ደረጃ መውጣት ጀምራለች።

ባለፈው ስትደውይ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። የአክስታችን ልጅ «አባታችሁ በአውሮፕላን ወደቁ» ብላ ጽፋልሽ ኖሮ፣ አንቺም «ይሽጡትና ይገላገሉ፣ አንተስ ዝም ብለህ ታያለህ ወይ?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ ያልሰጠሁሽ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ነበር ነው። ወሬ ደግሞ አንዴ ከተነሣ ለማረፍ ማኮብኮቢያ አይፈልግም። አባባ አልወደቁም። የሆነውን ግን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ የምትይውን ትያለሽ።

ባለፈው ኦክቶበር እኔና አባባ የወታደር ቤት ጓደኛቸውን ጠይቀን ከዳኮታ በአውሮፕላኑ ስንመለስ ደመናው ዝቅ እያለ መጣብን። ዝቅ ብለን ብንበርም ከፊታችን ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። እንዲህ ሲሆን አብራሪ የሚያምነው ዓይኑን ሳይሆን ከፊቱ ባለው የመሣሪያ ሰሌዳ ላይ አድማሱን የሚያሳየውን ጌጅ ነው። ያ ጌጅ ደግሞ የሚሠራው በሞተሩ ላይ ባለች የአየር ፓምፕ ነው። ፓምፗ ለካ መንገድ ላይ ሞታ ኖሯል። ጌጁ ግን «ሞቻለሁ» አይልም፤ ሰካራም ግድግዳ ተደግፎ እንደሚንሸራተት ቀስ እያለ ይጋደማል። አባባ እሱን አምነው አውሮፕላኑን አብረውት አጋደሙ።

እኔ ከቀኝ ወንበር ሆኜ የነፋሱ ድምፅ እየከረረ መሄዱን ሰማሁ። ኮምፓሱን ባየው ይሽከረከራል። «አባባ፣ እየዞርን ነው» አልኳቸው። «ቀጥ ብለን ነው የምንሄደው፣ ጌጁን አታየውም?» አሉኝ። «ኮምፓሱን ይዩት!» ብዬ ጮኽኩ። በእርሳቸው ላይ ስጮኽ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አንዴ ገልመጥ አድርገው አዩት፣ ቆባቸውን አውልቀው የሞተውን ጌጅ ሸፈኑት፣ ከዚያ ያለ ፓምፕ በምትሠራው፣ መዞርን በምታሳየው ትንሽ መርፌ ክንፉን አስተካክለው ቀስ እያሉ ወረዱ። ከደመናው ስንወጣ የአንድ ገበሬ የእህል ጎተራ ከክንፋችን ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ አየሁት። ስናርፍ አባባ ሞተሩን አጥፍተው ከወንበራቸው አልተነሡም። እኔም አብሬያቸው ቁጭ አልኩ።

ስንት ዓመት ሙሉ «ይህን አሮጌ ሰሌዳ በስክሪን እንቀይረው» ስላቸው «ቴሌቪዥን ማየት ካማረኝ ሳሎኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ» ይሉኝ እንደ ነበር ታውቂያለሽ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን ቂጣቸውን ቅቤ እየቀቡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያ የቴሌቪዥን ነገር ለመግጠም ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ። «የበረዶው ወራት ይበቃናል» አልኳቸው። «እንግዲያው ማሞቂያውን አዘጋጅ» ብለው ወደ ቂጣቸው ተመለሱ።

አውሮፕላኑ በሚያድርበት ሃንጋር ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ እየለኮስን ከኖቬምበር እስከ ማርች ሠራን። አሮጌውን ሰሌዳ ስንፈታ እማዬ በቀጭን ብሩሽ ከየጌጁ ሥር የጻፈቻቸው ቃላት እንዳሉ ነበሩ። አባባ በአውራ ጣታቸው አቧራውን ጠርገው «እናታችሁ ‹ከፍታ› ብላ ስትጽፍ አንድ ፊደል ገድፋ ነበር፤ እስክትሞት አልነገርኳትም» አሉኝና በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪናቸው ውስጥ አስገቡት። ከኋላው ያለው ሽቦ ግን ጉድ ነው! አባባ በሃያ ዓመት ውስጥ ያሻቸውን እየቀጠሉ ሁሉንም አንድ ዓይነት ነጭ ሽቦ አድርገውታል። የቱ የመብራት፣ የቱ የሬዲዮ እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁም። ሁሉንም ነቅለን እንደ አዲስ ዘረጋን።

አዲሱን ሰሌዳ ከአሉሚኒየም ቆርጠን ሁለት ስክሪን ገጠምንበት፤ አንዱ አድማሱን፣ ፍጥነቱንና ከፍታውን፣ ሌላው ካርታውንና የሞተሩን ጤና ያሳያል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ፓምፕ አይፈልግም። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ እንኳ የራሱ ባትሪ ያቆየዋል። የሃንጋር ጎረቤታችን ግሌን በየቀኑ ቴርሞሱን ይዞ እየመጣ «ቨርሊን፣ የቅርጫት ኳሱ በየትኛው ቻናል ነው?» እያለ አባባን ያበሽቃቸዋል። «አንተ በሩን ዝጋ፣ ብርድ አታስገባ!» ይሉታል። አንድ ሰሞን የክንፉን መብራት ባበራን ቁጥር የስክሪኑ ኮምፓስ ወደ ምሥራቅ እየሸሸ ሳምንት አደከመን። በኋላ ስንመረምር አቅጣጫ የሚለካውን ዕቃ ከመብራቱ ሽቦ አጠገብ እንዳሰርነው ገባን፤ ወደ ጅራቱ ወሰድነውና ረጋ።

የሙከራው በረራ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሆነ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋሱ ማኮብኮቢያውን ይዞ ቀጥ ብሎ ከሰሜን ይነፍሳል። በሙከራ በረራ ከአብራሪው ሌላ ሰው አይሳፈርምና እኔና ግሌን የእጅ ሬዲዮ ይዘን ሳሩ ላይ ቆምን። አባባ ተነሡ፣ አንድ ዙር ዞሩ፣ ሁለተኛውን ጀመሩ። ከዚያ በሬዲዮው «ሮልፍ፣ ፍጥነቴ ዜሮ ነው ይላል» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔ ግን ዜሮ አልሆንኩም፤ የሃንሰን ላሞች ከሥሬ ወደ ኋላ ሲሄዱ ይታዩኛል» አሉ። ግሌን ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ለማረፍ ሲወርዱ ከሚገባው በላይ ከዘገዩ ክንፉ አየሩን ይለቅና አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው።

«ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ቁጥር ትሠራለች?» አልኳቸው። እሷ ከሳተላይት የምትመጣ የመሬት ፍጥነት ናት፤ ስገጥማት «ይህቺ ደግሞ ለምን ትጠቅማለች?» ብለውኝ ነበር። «ትሠራለች» አሉኝ። «እንግዲያው የፊት ነፋሱን ይደምሩባትና በእሷ ይውረዱ» አልኳቸው። «ነፋሱ ስንት ነው?» አሉ። ግሌን መሳቁን ትቶ የነፋስ ከረጢቱን ትኩር ብሎ አየና ሬዲዮውን ከእጄ ነጥቆ «አሥር በል ቨርሊን! ትንሽ ፈጠን ብለህ ና፣ ማኮብኮቢያው ይበቃሃል» አላቸው። ፈጠን ብለው መጡ፣ አንዴ ነጠሩ፣ ከዚያ ተቀመጡ፤ ጫፉ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ቆሙ። «ወደቁ» የተባለው ይኸው ነው እንግዲህ። መንገድ ላይ የነበረ አንድ ሰው ያቺን ንጥሪያ አይቶ ነው።

ሰሌዳውን ስንከፍት ፍጥነቱ እንዲለካ ከክንፉ ነፋስ ወደ ስክሪኑ የምታመጣው ቀጭን ቱቦ ወልቃ ተንጠልጥላለች። ስክሪኑ ራሱ ምንም አልሆነም። እኔ ያሰርኩት መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። አባባ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ያቺን የገጠምኳት እኔ ነኝ» አሉ። «እስክትቀመጥ ገፋሁ፤ የተቀመጠች መሰለኝ። ጣቶቼ ግን አይነግሩኝም።» «አይነግሩኝም ማለት?» አልኳቸው። «ጫፋቸው ከደነዘዘ ይህ ሁለተኛው የበረዶ ወራት ነው። የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ የምቆልፈው መስታወት እያየሁ ነው» አሉኝ። ግሌን ቴርሞሱን አንሥቶ ቀስ ብሎ ወጣ። ሰው መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩለት።

ኢንጋ፣ ያን ጊዜ ምን እንደ ተሰማኝ በደብዳቤ አይነገርም። አምስት ወር ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ሠርተን፣ ብሎን ሲጥሉ እያነሣሁ፣ «አረጁ» ብዬ አልፌያለሁ እንጂ ምን ሆነዋል ብዬ አልጠየቅሁም። በተከታዩ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ስኳር ነው አለ፤ ሳይታወቅባቸው የቆየ። መድኃኒት ጀምረዋል፣ ጣፋጩን የሩባርብ ኬክ ትሩዲ ሳታይ ነው የሚቆርሱት፣ እግራቸው ቁስል እንዳያወጣ በየቀኑ አያለሁ። ይህን ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂያለሽ።

የሰሌዳው ነገር እንዲህ አለቀ። ቱቦዋን እኔ ገጠምኳት፣ ማያዣም ጨመርኩባት፤ ከዚያ አባባ በባትሪ ብርሃንና በመስታወት አንድ በአንድ አዩና ሌሎች ሁለት የላሉ ማያያዣዎች አገኙ፤ ሁለቱም የእኔ። ካገኙ በኋላ ለአንድ ሳምንት ፊታቸው እንደ በራ ነበር። ብቻቸውን መብረር እንደማይበጃቸው ራሳቸው ናቸው የወሰኑት፤ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። የቀረውን ሙከራ ሁሉ እኔ ብቻዬን ጨረስኩት፤ እርሳቸው ከሳሩ ላይ ሆነው በሬዲዮ ሲጨቀጭቁኝ ዋሉ፤ «አፍንጫህን ዝቅ አድርግ፣ ምን ትንጠራራለህ!» እያሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን እንድንወጣ አውሮፕላኑን ሳዘጋጅ በግራ በኩል ያለውን በር ከፍተው ቆሙ። ያ የአብራሪው ወንበር ከተሠራ ጀምሮ የእርሳቸው ነው። «ግባ፣ ምን ታየኛለህ» አሉኝና ዞረው በቀኝ በኩል ገቡ። ከሐይቁ በላይ ጭጋግ ነበር፤ እንደ ኦክቶበሩ ባይሆንም አድማሱ አይለይም። ስክሪኑ ላይ ያለው አድማስ ግን እንደ ገበታ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ ከተማዋም፣ ማኮብኮቢያውም፣ የሬዲዮ ማማዎቹም ሁሉ አሉ። «አባባ፣ አዩት?» ልላቸው ዞር ስል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ተኝተዋል። ሰው ሲያበርርላቸው ዳሽቦርዱን ጨብጠው የሚጨቀጭቁት አባባ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ እኔ እያበረርኩ፣ ተኝተዋል። እንዳላነቃቸው ብዬ አንድ ዙር ጨምሬ ዞርኩ።

ስለዚህ ይሽጡት አትበያቸው ብዬ እለምንሻለሁ። አውሮፕላኑ ከበፊቱ የተሻለ ነው፣ እርሳቸውም ብቻቸውን አይወጡም። ስለ ጣቶቻቸው ግን ስትደውይ አስቀድመሽ እንደ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ነርስ አነጋግሪያቸው።

ትሩዲን በጣም ናፍቀሻታል፤ የላክሽላትን የሱፍ ሹራብ በዚህ ሙቀት እንኳ አላወለቀችም። ልጄ ብሪታ መንጃ ፈቃድ አገኘች፣ ለአክስቴ ንገርልኝ ብላለች። ግሌንም «ያቺ የዓሣ አጥማጅ ሚስት እንዴት ናት?» ይልሻል። የሄሚን እጅ ጨብጪልኝ፣ ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ይህን ስጽፍ አባባ ገብተው «ለማን ነው?» አሉኝ። ለኢንጋ ነው ስላቸው «ጣቶቼን እንዳትነግራት» አሉ። «ነግሬያታለሁ» አልኳቸው። መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን እንደ ሰጡኝ «እንግዲያው ምን ላድርግ እንደምትለኝ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ይኸው ጠየቅሁላቸው።

ወንድምሽ ሮልፍ
ኤልም ሌክ፣ ሚኒሶታ
ጁን 2 ቀን 2019