ታንከሩ በኩል ያለው ግብ

ኅዳር 6፣ ሰኞ

እኔ፣ ዕድሜዬ አሥራ አራት ከመንፈቅ የሆነ፣ በሙሉ ጤንነቴና ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምኛለሁ፦ ከእግር ኳስ ክለቡ ኮሚቴ ብስኩት ውስጥ ሦስቱን የበላሁት እኔ ነኝ። አራተኛውን አይጥ ነው የበላው። አይጡም እኔ ነኝ።

ኮሚቴው የጠረጠረው ጥርስ ሐኪሙን ነው። አባል ናቸው፤ ጢማቸው ላይ ፍርፋሪ ተገኘ። እኔ ምን ላድርግ? ጢም የሌለው ሰው አይጠረጠርም።

ከዚያ ውጭ ቀኑ እንደ ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሜዳ። አባባ ዕቃ ቤት ውስጥ የሣር ማጨጃውን ፈታተው ዘይት ያጠጡታል። አያቴ ናቸው፣ የሜዳው ጠባቂ። ሃያ ሁለት ዓመት ሣሩን አጭደዋል፣ መስመሩን በኖራ አስምረዋል... ሰው ሜዳ ላይ መሮጡን ግን እስካሁን አልለመዱትም። በውኃ ታንከሩ በኩል ባለው ግብ አካባቢማ ልምምድ ክልክል ነው።

«ሣሩ ይረፍበት» ይላሉ።

«ምን ሠርቶ ነው የሚያርፈው አባባ?»

«አንቺስ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ አራት ሰዓት የምትተኚው ምን ሠርተሽ ነው፣ እርሳስ?»

እርሳስ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ቀጭን ነኝ፤ ደግሞ ያገኘሁት ወረቀት ላይ እጭራለሁ። አሁን ትምህርት ቤትም እርሳስ ሆኛለሁ።

ትናንት በሜዳችን ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። አዲሱ በረኛችን... ዘንድሮ ሲመጣ አበባ ሰጡት። አሁን ስም ሰጡት፦ ወንፊት።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የዕቃ ቤቱና የስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጆሮ መለጠፍ እንኳ አያስፈልግም፣ ተቀምጦ መስማት ነው። (ለማንኛውም ለጥፌያለሁ።)

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። «በመሠረቱ» ሳይሉ ውኃ እንኳ አይጠጡም። ዛሬ ሃያ ሦስት ጊዜ አሉ። ቆጥሬያለሁ።

«በመሠረቱ ልጁ ይሸጥ። የጎረቤት ከተማው ክለብ ጠይቆናል።»

«ለተጠባባቂ ወንበር እኮ ነው የጠየቁት!» አለ አሰልጣኙ። «እዚያ ከተቀመጠ በቃ፣ ቀረ። ልምምድ ላይ እኮ አንድ ኳስ አያሳልፍም!»

«በመሠረቱ ዋንጫ የሚሰጠው በልምምድ አይደለም።»

ኅዳር 23 ይወሰናል ተባለ።

ስወጣ በረኛው ቧንቧው ጋ ቆሞ ጓንቱን ያጥባል፤ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሃል አጣብቆታል። «አዎ እማዬ... ደህና ነኝ... አዎ ይወዱኛል። ያጨበጭባሉ እንጂ!» ልክ ያኔ ከአጥሩ ውጭ አንዱ «ወንፊት!» ብሎ ጮኸ። «ምንም አይደለም እማዬ፣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው» አለ።

መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅኩም። ለምን?

ኅዳር 12፣ እሑድ

ከሜዳ ውጭ ዜሮ ለዜሮ። ከሜዳ ውጭ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ የገባበት ሁለት ብቻ። ይሄ ምን ዓይነት ወንፊት ነው? ሰው አገር ሲሄድ የሚደፈን?

ኅዳር 19፣ እሑድ

በሜዳችን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ሁለቱም የገቡት ታንከሩ በኩል። የኛንም ያገባው ንጉሡ ነው፤ አጥቂያችን። (ንጉሥ ብሎ የሰየመው ራሱ ነው። ሌላ ማን ይሰይመዋል?) እሱም ታንከሩ በኩል አገባና ደረቱን እየደበደበ «ያቺ ማዕዘን የኔ ናት!» ሲል ዋለ።

ቤት ስገባ የሒሳብ ደብተሬን አወጣሁ። ባለ ካሬው ገጽ ላይ ዘንድሮ የገባውን ግብ ሁሉ ሥዬዋለሁ፤ የገባበትን ቦታ፣ ጎኑን፣ ከፍታውን። (የሒሳብ አስተማሪዬ ይህን ቢያዩ ያለቅሳሉ። ከደስታ አይደለም።) በሜዳችን አራት ጨዋታ፣ አሥራ አንድ ግብ። ዘጠኙ ታንከሩ በኩል። ዘጠኙም በበረኛው ግራ።

ዘጠኝ! ሁሉም በግራ!

የንጉሡንም አየሁ። አራት አግብቷል። አራቱም እዚያው ግብ፣ እዚያው ማዕዘን። እና የሰው በረኞችም በግራቸው ነው የሚገባባቸው?

ግራ እጁ ያመዋል እንዳልል፣ የሰው ሁሉ ግራ እጅ አይታመምም።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

አባባ ኖራ ሊገዙ ሲወጡ በረኛውን ጎትቼ የተከለከለው ሣር ላይ አስገባሁት።

«ጋሼ፣ ግብህ ውስጥ ቁምልኝ።»

«ጋሼ አትበይኝ፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ቁመትህ ግን አርባ ይሆናል። ቁም።»

ቆመ። እኔ ከመረቡ ኋላ ቁጭ ብዬ አየሁ። መሃል ላይ አልነበረም! በግራው በኩል የተረፈው ክፍተት አንዲት ላም ያሳልፋል።

«መሃል ላይ ነህ?»

«መሃል ላይ ነኝ።»

«በምን አወቅክ? ቋሚዎቹን ዞረህ አላየህም እኮ።»

«በረኛ ማጅራቱ ላይ ዓይን የለውም። ፊት ለፊት የሪጎሬውን ነጥብ አያለሁ፣ የትንሿን ሳጥን ማዕዘን አያለሁ፣ በዚያ ቦታዬን አውቃለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ። ዞሬ ካየሁ ኳሷ አትጠብቀኝም።»

ሲባጎ አመጣሁ። ከሪጎሬው ነጥብ ወደ ቀኝ ቋሚ፣ ከዚያ ወደ ግራ ቋሚ። እኩል መሆን ነበረባቸው። አይደሉም። ከመስመሩ መሃል ወደ ግቡ መሃል ለካሁ... ሰባ ሦስት ሳንቲ ሜትር!

ያኔ ትዝ አለኝ። በክረምት አሮጌው ግብ ዝጎ ወደቀ። በያጁ አዲሱን ሲተክል የድሮው ጉድጓድ ሲሚንቶ ሆኖ አልቆፈር አለውና ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ተከለው። ማን ያየዋል ብሎ። አባባ ደግሞ መስመሩን የሚያሰምሩት በግቡ አይደለም። ሜዳው ዳር መሬት ውስጥ የቀበሯቸው ችካሎች አሏቸው፤ ሲባጎውን ከነሱ ይወጥራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት።

መስመሩ እንደ ድሮው፣ ግቡ እንደ አዲሱ። ልምምድ እዚያ ክልክል ስለሆነ ማንም አላወቀም።

«ለኮሚቴው እንንገር!» ዘለልኩ።

«አይሆንም።»

«ሊሸጡህ ነው እኮ!»

«ግብ በገባበት ቁጥር ሣሩን፣ ፀሐዩን፣ መስመሩን የሚከስ ሰው በረኛ አይባልም።» ጓንቱን አወለቀ። «ደግሞ ሽማግሌው ናቸው... ከተማው ሁሉ ይስቅባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

አሁን ምን ይደረጋል? እሱ ዝም ካለ ይሸጣል። እኔ ከተናገርኩ አባባ መሳቂያ ይሆናሉ። በሰው ሽማግሌ መሳቅ ጎበዝ ነኝ... በራሴ ላይ ሲመጣ ግን ሲባጎውን ጠቅልዬ ደበቅኩት።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ

ለአባባ ነገርኳቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከኔ ይስሙ።

መጀመሪያ ሳቁ። ደብተሬን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። እሱ መጥፎ ምልክት ነው።

«ችካሎቼን የተከልኳቸው አንቺ ሳትወለጂ ነው!»

«ግቡን ግን የተከሉት በክረምት ነው አባባ።»

«መስመር እንደ ሰው ቃል ነው። የኔ መስመር አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም!»

«መስመሩ አልዋሸም። ግቡ ነው የሄደው።»

«ግብ እግር አለው እንዴ?»

«ሁለት አለው። ተሳስተው የቆሙ።»

ወይ ምላሴ! እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ውጪልኝ» አሉ። በሕይወቴ ውጪ ብለውኝ አያውቁም።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ

አባባ አላናገሩኝም። እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ በእናቴ በኩል ነው የላኩት። ጨው ደግሞ ፊቴ ነበር።

ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ርሷል፤ ጭቃ አለው። ምን ሲሠሩ ዋሉ?

ኅዳር 23፣ ሐሙስ

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበ ራሴን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስብሰባው በአሥር ሰዓት ተጀመረ። እኔ ዕቃ ቤት፣ ኮምፔንሳቶው ጋ።

«በመሠረቱ የዝውውር መስኮቱ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ልጁ ይሸጥ የምትሉ?»

እጅ ሲወጣ አይሰማም፤ ወንበር ሲንቋቋ ግን ይሰማል። ብዙ ወንበር ተንቋቋ። ቡጢዬን ጨበጥኩ። ግድግዳውን ልደበድበው ነው። አባባ ይቀየሙኝ። መሳቂያም ከሆንን አብረን እንሁን... እጄን አነሣሁ።

በሩ ተከፈተ። የአባባ ድምፅ።

«ልጁን ከመሸጣችሁ በፊት እኔን ሽጡኝ።»

ሰብሳቢው፦ «በመሠረቱ አንተን ማን ይገዛሃል?» አብሮ አደጎች ናቸው፤ እንዲህ ነው የሚነጋገሩት። ሳቁ።

አባባ አልሳቁም። «በሜዳችን አሥራ አንድ ግብ ገብቶበታል አላችሁ። ዘጠኙን በኔ ስም ጻፉት።» ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ጓ! አለ። ችካል! ከነጭቃው፣ ከመሬት ተነቅሎ። «ትናንት አራት ጊዜ ለካሁ። አራት ጊዜም ያው ነው። ግቡ ሲተከል ልለካ ይገባኝ ነበር፤ ኩራት ይዞኝ አልለካሁም። ያገኘችው የልጅ ልጄ ናት። ስትነግረኝ ተቆጥቼ አባረርኳት። ይሄም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።»

ማንም አልሳቀም። ጸሐፊዋ «ተቆጥቼ አባረርኳት» እያሉ ሲጽፉ ብዕራቸው ይሰማል።

እኔማ... ያነሣሁትን እጄን አፌ ላይ አደረግኩት። ልብሴ ጠበበኝ። አያቴ ናቸው! የኔ! ለመላው ዓለም ልናገር ፈለግኩ፤ ዕቃ ቤት ውስጥ የነበረው ግን የሣር ማጨጃው ብቻ ነው። ለሱ ነገርኩት።

ከዚያ መላው ኮሚቴ በሙሉ ልብሱ ሜዳ ወረደ፤ እኔም ከኋላቸው። ሰብሳቢው የሲባጎውን ጫፍ ያዙ። ጥርስ ሐኪሙ በሆዳቸው ተኝተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሠላሳ ዓመት ጥርስ አይቻለሁ» አሉ። «ይሄ ጠማማ ነው።»

«በመሠረቱ...» አሉ ሰብሳቢው። ጠበቅን። ቀጥሎ ምንም አልመጣም! ለመጀመሪያ ጊዜ! ግቡን አዩ፣ ነጥቡን አዩ፣ አባባን አዩ። «አይሸጥም» አሉ።

አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ፤ ለምን እንደነፋ እሱም አያውቅም።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

አባባና በረኛው ቀኑን ሙሉ መስመሩን ፍቀው እንደ አዲስ አሰመሩ። ይቅርታ ሲባባሉ አልሰማሁም። አባባ «ሲባጎውን በቀኝህ ጠበቅ አድርገው» አሉት፤ እሱም «እሺ አባባ» አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ የሱም አባባ የሆኑት? ቅናት አይደለም። ትንሽ ነው።

ኅዳር 30፣ ሐሙስ

የዝውውር መስኮቱ ተዘጋ። በረኛው በኛ በኩል ነው።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

አሁን ነው የምጽፈው፣ ጨዋታው እየተካሄደ፣ ታንከሩ በኩል ካለው ግብ ኋላ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ። ሁለተኛው አጋማሽ። በረኛችን ከፊቴ ነው፤ ጀርባው ብቻ ይታየኛል። መሃል ላይ ነው። ልክ መሃል! ለክቼዋለሁ በዓይኔ።

ሁለት ለአንድ እየመራን ነው። ንጉሡ በመጀመሪያው አጋማሽ እዚሁ ግብ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ «ማዕዘኑ» መታ፤ ሦስቱንም የሰው በረኛ ያዘበት። ማዕዘኗን ማን እንደወሰደበት ዳኛውን ጠየቀ። ሁለቱን ያገቡት ተከላካዮቻችን ናቸው፤ ንጉሡ እስካሁን አላነጋገራቸውም።

የገባብን አንዱ? ቅድም ነው። ረጅም ኳስ መጣች፣ ያዛት፣ ከእጁ ሾልካ በእግሩ መሃል... ገባች። «ወንፊት» ሊባል ነው ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በዚያ የሣር ማጨጃውን በሚያስንቅ ድምፃቸው፦

«ይቺ ያንተ ናት! የኔ አይደለችም!»

ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። በረኛው ዞሮ ጓንቱን ወደ አባባ አነሣ። እየሳቀ! ዘንድሮ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጥርሱ ቆንጆ ነው፤ ጥርስ ሐኪሙም አስተያየት ሰጥተውበታል።

ከዚያ ወዲህ አራት ኳስ አዳነ። አንዷ በግራው ነበረች፣ ወደዚያች ጥግ። ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ! ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «የኛ ልጅ!» ብለው ጮኹ። ባለፈው ወር ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው እኮ... ይሁን፣ አላጋልጣቸውም። አባባን አየኋቸው። ኳሱን አያዩም። መስመሩን ነው የሚያዩት፣ ነጩን፣ ቀጥ ያለውን። አንገታቸው ከወትሮው አንድ ስንዝር ረዝሟል። የኔም ሳይረዝም አይቀርም፤ ይሄን አንገት ይዤ ነገ ትምህርት ቤት በር እንዴት እንደምገባ እን

«እርሳስ!»

ማነው? በረኛው! በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም...

«እርሳስ! ኳሷን ወርውሪያት እንጂ፣ ዳኛው ሰዓት እያየ ነው!»

ኧረ ጉዴ! እግሬ ሥር ናት። ሜዳው በሙሉ እኔን እያየ