ከእየሩሳሌም ገጽ ላይ የሰረዝኩት

ተላዕ አል-ዓሊ፣ አማን፣ ዮርዳኖስ
አርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩሳሌም፣ ቪየና ላለሽው፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጤናዬን ደህና ነኝ። ሁለት ሳምንት ስልክሽን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም፤ ድምፅሽን እየሰማሁ መዋሸት ስለማልችል ነው። በጽሑፍ ግን ዋሽቻለሁ።

ማንም ገብቶ በሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ አንቺ የተጻፈውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዕለት ማስታወሻዬን ገልጬ ሳየው የጀመርኩት ነሐሴ 20 ነው። መጀመሪያ ክፉ አላሰብኩም። «የኦፔራ ዘፋኝ» ከሚለው ፊት «ተወዳዳሪ የሌላት» ብዬ ጨመርኩ። ገጹን የሚከታተለው ይግዛው የሚባል አርታኢ በዚያው ቀን አወጣው። «እዚህ ሙገሳ አይጻፍም። የት መድረክ፣ በየትኛው ዓመት፣ ማንን ሆና እንደዘፈነች፣ ከነምንጩ፤ በቃ» አለኝ። የልደት ቀንሽን ባስተካክልም ምንጭ ጠየቀኝ። ስትወለጂ እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ! ስቄ ተውኩት።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። «እናቷ አማን ከተማ የሰው ቤት እያጸዳች አስተማረቻት» ይላል። ምንጩ አንቺ ለጋዜጣ የሰጠሽው ቃል ነው። ፊቴ ጋለ። ዛሬ ባለ ሱቅ ነኝ፤ ዳቡቅ ሰፈር መዳም ቤት አሥራ አንድ ዓመት ወለል መወልወሌን ከደንበኞቼ የሚያውቅ የለም፤ አንቺ ልጄ መሆንሽንም አያውቁም። ሰረዝኩና «ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች» ብዬ ተካሁ። ይግዛው መለሰው። ሰረዝኩ። መለሰው። እንደ ገበያ ልደራደረው ሞከርኩ፤ «እሺ፣ ‹ሠራተኛ ነበረች› በለውና እንስማማ» አልኩት።

«ጋዜጣው ያለውን ነው የምንጽፈው» አለ። «ዘመድ ከሆኑ ደግሞ ገጹን ራስዎ አይነኩም፤ ማንነትዎን ገልጸው በውይይት ገጹ ላይ ይጠይቃሉ። ለመሆኑ እናቷ ነዎት እንዴ?»

«አላውቃትም» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

ማንም እንዳያርመው ገጹ ተቆለፈ፤ ወሬው ወጣ። ዘፋኟ በእናቷ አፍራ ታሪኳን አስጠፋች ተባለ። አንቺ ስትጠየቂ «እኔ አልሰረዝኩም። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስም ግን አልጠራም» ማለትሽን አነበብኩ። ያመነሽ የለም። እዚያ ያለው የአገር ልጆች ማኅበር ለገና ሊያዘፍንሽ ያቀረበልሽን ጥሪ መሰረዙንም ሰማሁ።

ባለፈው አርብ ደማቀች መጣች፤ ኡም ሱማቅ ሰፈር ቤት ለቤት በሰዓት የምታጸዳ ደንበኛዬ ናት። ነጠላ እያማረጠች፣ «እትዬ ባዩሽ፣ የዚያችን ዘፋኝ ጉድ ሰሙ? የጽዳት ሠራተኛ ልጅ መባል ከበዳት አሉ! ምነው እናቷን ባገኘኋትና ‹ምኑን ነው የወለድሽው› ባልኳት» አለች። ነጠላውን አጣጥፌ ሰጠኋት።

ዛሬ ጠዋት በውይይት ገጹ ላይ በሙሉ ስሜ ጻፍኩ፦ «የሰረዝኩት እኔ ባዩሽ በቀለ ነኝ። እናቷ ነኝ። እሷ አላዘዘችኝም፤ አላማከርኳትም።» ይግዛው «አመሰግናለሁ፣ እናቴ። ከእንግዲህ ግን ገጹን እንዳይነኩት» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ነበረው ሆኗል።

ደማቀችም ሽሮ ልትገዛ ስትመጣ ነገርኳት። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ያነሳችውን ሽሮ እንደያዘች፣

«ያፈሩት በራስዎ ብቻ መሰለዎት እትዬ?» አለች። «በእኛም ነው እኮ።»

ሽሮውን መደርደሪያው ላይ መልሳ ወጣች።

የጻፍኩትን ለማኅበሩ ሰዎች አሳዪያቸው። ካልበቃቸው የጥሪ ወረቀት ላኪልኝና ራሴ መጥቼ ፊታቸው ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ምን ሥራ ስሠራ እንዳሳደግኩሽም ጭምር።

እግዚአብሔር ጉሮሮሽን ከብርድ፣ ስምሽን ከእኔ ይጠብቅልሽ።

እናትሽ
ባዩሽ በቀለ