በነጭ ጨርቅ የታሰረው ኬብል

ውድ ወንድሜ ስመኘው፣

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስንት መንገድ ነው ብለህ እንዳትስቅብኝ እንጂ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስልኬን እንደማታነሣ ስለማውቅ በወረቀት አደረግሁት። ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ሰሞኑን ነገሩ ሁሉ ዞሮብኛል።

ከኮምፒውተሬ ልጀምር። ባለፈው ወር የአባባን ድምፅ ይመልስልኝ ብዬ ደጀኔ የሚባል ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። አንተ የድርሻህን ይዘህ ቡሬ ከገባህ ወዲህ «የአባባ ድምፅ» የሚለውን በተጫንሁ ቁጥር «አልተገኘም» ነው የሚለኝ። ደጀኔ ሲጎረጉር ቆየና፣ «እትዬ ያምሮት፣ እዚህ ምንም የጠፋ ነገር የለም» አለኝ።

«እንዴት አልጠፋም? በየቀኑ እከፍተው ነበር እኮ!»

«ሲከፍቱ የነበረው የሌላ ኮምፒውተር ነው። ድምፁ እዚያው ነው ያለ፤ እርስዎ ጋ ያለው መንገዱ ብቻ ነው። በኬብል ተያይዘው ነበር አይደል?»

ተያይዘው ነበር። ያያያዝኻቸውም አንተ ነህ። አባባ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ አንተ እልፍኝ ውስጥ ቅኔያቸውን ትቀዳለህ፣ እኔ ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ እተይባለሁ። ያ ሰማያዊ ኬብል በግድግዳው ቀዳዳ ያልፋል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሚከፈት እኔው ጋ ያለ ነበር የሚመስለኝ። አባባ ሲያርፉ ሽማግሌዎቹ «አንድ አንድ ይድረሳቸው» ብለው ኮምፒውተሮቹን እንደ ጥማድ በሬ ለያዩአቸው። ስለ ኬብሉ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተም አልረሳኸውም። በተዝካራቸው ቀን፣ ዳስ ሙሉ ሰው ፊት፣ «የአባቴን ድምፅ ሰርዞብኛል፤ ካልሰረዘ መስቀል ይዞ ይማል!» አልሁ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝና፣ «እታለም፣ በአባባ ቤት ማን ሲምል አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለህ ጋቢህን አንሥተህ ወጣህ። እኔም ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይምል ነበር ብዬ ደመደምሁ። አባባ አንድ ቀን እንኳ ሳይምሉ እንደሞቱ እያወቅሁ!

ከደጀኔ ስመለስ ለሚስትህ ለአስካለ ማርያም ደወልሁ። «ኧረ እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ከመጣ ዠምሮ ከጆንያው አልወጣም» አለችኝ። «ክፈተው እንጂ ስለው ‹ድምፃቸውን ሰምቼ እንዴት እችለዋለሁ› ይለኛል። አሁን ለሥራ ቆጋ መስኖ ነው ያለ። እኔ እልክልዎታለሁ።» በሦስተኛው ቀን ከቡሬ በመጣ ሚኒባስ ከነጆንያው ደረሰኝ።

ከገበያ በገዛሁት ኬብል ብናገናኛቸው እንቢ አሉ። ደጀኔ እንደነገረኝ፣ እነዚህን አሮጌዎች ለማገናኘት የአንዱ መናገሪያ ከሌላው መስሚያ እንዲገጥም ሽቦው ውስጥ ለውስጥ የተሻገረ መሆን አለበት። በእኔ ኬብል ሁለቱም ይናገራሉ፣ የሚሰማ የለም። ተስፋ ቆርጬ ጆንያውን ሳራግፍ ያ ሰማያዊው ኬብል ዱብ አለ። ከአባባ ጥምጣም በተቀደደች ነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ቋጠሮው ያንተ ነው፣ ሁለት ጊዜ አዙረህ ጫፉን የምትሸጉጠው።

አስካለን ብጠይቃት «የምን ኬብል?» አለችኝ። ታዲያ መቼ አስገባኸው? ያኔውኑ ከሆነ፣ መልሰን እንድናገናኛቸው አስበህ ነበር ማለት ነው? ሰሞኑን ከቆጋ ብቅ ብለህ ከሆነ ደግሞ፣ ቡሬ ድረስ መጥተህ እዚህ ለመድረስ ምን ገደደህ? በተዝካሩስ ቀን «እኔ ጋ ነው ያለው» ብትለኝ ምን ነበረበት? ልቆጣህም ያምረኛል፣ እግርህ ላይ ልወድቅም። የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም።

በእሱ ኬብል ስናገናኛቸው ተከፈተ። ሁሉም አለ፤ አንድም አልጎደለም። የመጀመሪያውን ስነካው አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ልማዳቸው፣ «ያምሮት፣ ይሰማል ወይ?» አሉ። ከሩቅ የራሴ ድምፅ «ይሰማል፣ አባባ!» ሲል ሰማሁ። ከዚያ አንተ ሳቅህና «ኧረ ጎረቤትም ሰምቷል» አልህ። ሦስታችንም እዚያ ውስጥ ነበርን። ደጀኔ ፊት አለቀስሁ።

ለአባባ ሙት ዓመት እነዚያኑ ሽማግሌዎች እጠራለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ፊታቸው እቆምና፣ የተሰረዘ ነገር እንደሌለ፣ የወንድሜን ስም ያጠፋሁት እኔ እንደሆንሁ እናገራለሁ። ብትመጣም ባትመጣም አደርገዋለሁ።

ያንተን ኮምፒውተር እልፍኝ፣ ድሮ የነበረበት ቦታ መልሼዋለሁ። ኬብሉንም በዚያው ቀዳዳ አሳልፌዋለሁ። ወንበርህ ባዶ ነው። እኔ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጫለሁ።

ስመኘው፣ ይሰማል ወይ?

እህትህ ያምሮት
ፍኖተ ሰላም፣ ከአባባ ቤት